የህንድ ሙስሊሞች ወንበር የት ሄደ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የ2024 የህንድ ምርጫ ውጤት በታወቀ ሰሞን፣ ከዒሻእ ሶላት በኋላ በምናደርገው የታሪክ ደርስ ላይ አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ አንድ ቁጥር አነበበልን። 543 ወንበር ባለው የህንድ የታችኛው ምክር ቤት፣ ሎክ ሳባ በሚሉት፣ የገቡት ሙስሊሞች 24 ብቻ ናቸው። «ኡስታዝ፣ ህንድ ያለው ሙስሊም እኮ ከኢትዮጵያ ሕዝብ በሙሉ ይበልጣል። ታዲያ ወንበሩ የት ሄደ?» አለ።

በሰሌዳ ላይ አሰላነው። በ2011 የሕዝብ ቆጠራ ሙስሊሞች ከህንድ ሕዝብ 14.2 በመቶ ናቸው፤ ወደ 172 ሚሊዮን ሰው ማለት ነው። ወንበር በሕዝብ ድርሻ ቢከፋፈል 77 ገደማ ይደርሳቸው ነበር። ያገኙት የዚያን ሲሶ እንኳ አይሞላም። ከነጻነት ወዲህ ትልቁ የሚባለው የ1980ው ውጤትም 49 ነው።

መልስ ለመስጠት የቸኮለ አልጠፋም። አንዱ «ተጭበርብሮ ነው» አለ። ሌላው «ፓርቲዎቹ ሙስሊም እጩ አያቀርቡም» አለ። ሦስተኛው፣ በየደርሱ እንደሚለው፣ «አንድነት ስለሌለን ነው» አለ። በሁለቱ የኋለኞቹ ውስጥ እውነት አለ። ግን ከሁሉም በፊት የሚመጣና ብዙዎቻችን ልብ የማንለው ነገር ድምፅ የሚቆጠርበት ሕግ ነው። የህንድ ሙስሊሞች በአንድ መቶ ዓመት ውስጥ ሁለት ተቃራኒ የምርጫ ሕጎችን ቀምሰዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሊቀምሱት ሲሉ ከአፋቸው ተነጥቋል። ስለዚህ ታሪካቸውን በሰፊው ለማንበብ ወሰንን። (ዓመተ ምሕረቶቹ «የእኛ» ካላልን በቀር የፈረንጆቹ ናቸው።)

የቆጠራ ሕግ ነገር ለራሳችን ታሪክም እንግዳ አይደለም። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረዲየሏሁ ዐንሁ) በተወጉ ጊዜ ቀጣዩን ኸሊፋ ከመካከላቸው እንዲመርጡ ስድስት ሶሓቦችን ሰየሙ፦ ዑስማን፣ ዐሊይ፣ ጦልሓ፣ ዙበይር፣ ሰዕድ እና ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት ነገሩን በስም ዝርዝር ብቻ አልተዉትም። ስድስት ሰው ሦስት ለሦስት ሊከፈል ይችላል። እንዲያ ከሆነ ልጃቸው ዐብዱላህ፣ ራሱ የማይመረጥ ሆኖ፣ በሁለቱ ወገን መካከል ይፍረድ፤ ፍርዱን ካልተቀበሉ ዐብዱረሕማን ያሉበት ወገን ይጽና አሉ። ይህ ከዛሬ ምርጫ ጋር አንድ ነው ማለታችን አይደለም። ቁስላቸው ላይ ተኝተው እያለ ድምፅ እኩል ቢሆን ምን እንደሚደረግ ማሰባቸው ግን ሁልጊዜ ይገርመናል።

ለየብቻ የሆነ ሣጥን

በጥቅምት 1906 የህንድ ሙስሊም ታላላቆች፣ የኢስማዒሊዮቹ መሪ ሦስተኛው አጋ ኻን ፊታቸው ሆነው፣ ሲምላ በምትባል ቀዝቃዛ የተራራ ከተማ የእንግሊዙን እንደራሴ ሎርድ ሚንቶን አነጋገሩ። እንግሊዝ ለህንዶች ጥቂት የምክር ቤት ወንበር ልትሰጥ እያሰበች ነበር። የልዑካኑ አቤቱታ ይህን ይመስላል፦ ምርጫው የጋራ ከሆነ ሙስሊሙ በአብዛኛው ቦታ በቁጥር ስለሚያንስ አይመረጥም፤ ቢመረጥም ብዙኃኑን ደስ ያሰኘ ሙስሊም እንጂ የወገኑን ችግር የሚናገር አይሆንም። ስለዚህ ሙስሊሙ የራሱን ሰው ለብቻው ይምረጥ። ሚንቶ ጥያቄውን በደስታ ተቀበሉ። አቀባበላቸው በጣም ሞቅ ስላለ፣ ቆየት ብለው መውላና ሙሐመድ ዐሊ ጀውሀር የመሰሉ የሙስሊም መሪ እንኳ ነገሩ ታዞ የተሠራ ትርኢት እንደነበር ተናግረዋል። በዚያው ዓመት ታህሣሥ ላይ ዳካ ውስጥ የሙስሊም ሊግ ተመሠረተ። በ1909 በወጣው ሕግም የተለየ የመራጭ መዝገብ ጸደቀ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ሙስሊም መራጮች በራሳቸው መዝገብ ይመዘገባሉ። ለእነርሱ ብቻ በተከለለ የምርጫ ክልል፣ ሙስሊም እጩዎች እርስ በርሳቸው ይወዳደራሉ፣ ሙስሊም ብቻ ድምፅ ይሰጣል። መራጭ ለመሆን ደግሞ መሬት፣ ግብር ወይም ትምህርት ያስፈልግ ነበር፤ ደሃው ገበሬና ሸማኔው በሁለቱም መዝገብ የለም። ይህን ማስታወስ ደግ ነው፤ «ሙስሊሙ ተወከለ» ሲባል የትኛው ሙስሊም እንደሆነ ያሳየናል።

አንድ ጨዋታ እግረ መንገዳችንን እናንሣ። ኋላ የፓኪስታን መሥራች የሆኑት ሙሐመድ ዐሊ ጂናህ መጀመሪያ ላይ ይህን የተለየ መዝገብ ከተቃወሙት ወገን ነበሩ። ሕጉ ሲወጣ ግን ከቦምቤይ ሙስሊሞች በተለየው ወንበር ተመርጠው ምክር ቤት ገቡ። የምርጫ ሕግ የሚቃወሙትንም ሳይቀር በራሱ መንገድ ይወስዳል።

በ1916 ሊጉና ኮንግረስ ፓርቲ ሌክናው ከተማ ላይ ስምምነት አደረጉ። የስምምነቱ ዋና መሐንዲስ ጂናህ ነበሩ። ኮንግረስ የተለየውን መዝገብ ተቀበለ። ሙስሊሙ በሚያንስባቸው ጠቅላይ ግዛቶችም ከቁጥሩ በላይ ወንበር እንዲሰጠው ተስማሙ፦ ከሕዝቡ 14 በመቶ ገደማ በሆነበት በተባበሩት ግዛቶች 30 በመቶ ወንበር አገኘ። ጥሩ ይመስላል። ዋጋው ሌላ ቦታ ተከፈለ። ቤንጋል ውስጥ ሙስሊሙ ከግማሽ በላይ ሆኖ ሳለ 40 በመቶ ተሰጠው፤ ፑንጃብ ውስጥም ብዙኃን ሆኖ ሳለ 50 በመቶ። ከቤንጋል ሩዝ ገበሬ ተቆርጦ ለሌክናው ባለ ርስትና ጠበቃ ተጨመረ ማለት ነው። ስምምነቱን ያደረጉት ግን አብዛኞቹ የሌክናውና የቦምቤይ ሰዎች ነበሩ።

እኛ ራሳችን ይህን ታሪክ በደንብ ሳናነብ በፊት የተለየ መዝገብን እንደ ትልቅ ድል ነበር የምናየው። የራስህን ሰው ራስህ ትመርጣለህ፤ ማን ይጠላል? ሐሳባችንን ያስለወጠን የ1937 ምርጫ ነው።

በዚያ ዓመት የመራጩ ቁጥር ሰፍቶ 30 ሚሊዮን ገደማ ሰው ድምፅ የመስጠት መብት አገኘ። ለሙስሊም የተለዩት የጠቅላይ ግዛት ወንበሮች 482 ነበሩ። የሙስሊም ሊግ ከእነዚህ ሩቡን እንኳ አላገኘም። ፑንጃብ ውስጥ የዩኒየኒስት ፓርቲ ባለ ርስቶች፣ ቤንጋል ውስጥ ደግሞ የፈዝሉል ሐቅ የገበሬ ፓርቲ ሊጉን አስቸገሩት። የተለየ ሣጥን አንድነት አላመጣም፤ ፉክክሩን ወደ ቤት ውስጥ አስገባው እንጂ።

የከፋው ግን ሌላው ነው። በተባበሩት ግዛቶች ኮንግረስ ከ228 ወንበር ከግማሽ በላይ ያሸነፈው የሙስሊም ድምፅ ሳያስፈልገው ነው። እንዴት? የሙስሊሙ ድምፅ ሌላ መዝገብ ላይ ስለሆነ ነዋ! አንድ የኮንግረስ እጩ በጠቅላላው መዝገብ ሲወዳደር በክልሉ ካሉት ሙስሊሞች ደጃፍ አንድ ጊዜም መቆም አላስፈለገውም። ስለ መስጂዳቸው፣ ስለ ኡርዱ ቋንቋቸው፣ ስለ ሽመናቸው ቢናገር አንድ ድምፅ አይጨምርለትም፤ ቢሰድባቸውም አንድ ድምፅ አይጎድልበትም። ከምርጫው በኋላ ሊጉ የመንግሥት ተካፋይ ልሁን ሲል ኮንግረስ ሊጉ ሊቀበለው የማይችለውን ቅድመ ሁኔታ አቀረበ። ለምን ያካፍላል? ሂሳቡ ያለ እርሱ ሞልቷል።

የተለየው መዝገብ ለሙስሊሙ ወንበር ሰጠው፤ የሌሎቹን ጆሮ ግን ወሰደበት።

በዚያው ዘመን ዶክተር አምቤድካር ደግሞ «የማይነኩ» ተብለው ለተገፉት ሕዝባቸው ይህንኑ የተለየ መዝገብ ጠየቁ። እንግሊዝ በ1932 ፈቀደች። ጋንዲ የሂንዱን ሕዝብ ይከፍላል ብለው እስር ቤት ሆነው እስከ ሞት ጾም ገቡ። አምቤድካር በጭንቀት ፑና ላይ ፈረሙ፦ የተለየው መዝገብ ቀርቶ የተያዘ ወንበር ሆነ፤ በምትኩ ወንበሩ ከ71 ወደ 148 አደገ። የተያዘ ወንበር ማለት እጩዎቹ ሁሉ ከዚያ ወገን ይሆናሉ፣ ድምፅ የሚሰጠው ግን መላው ሕዝብ ነው። ሕመሙ እዚህ ጋ ይገለበጣል። ተመራጩ የእነርሱ ወገን ነው፤ የመረጠው ግን ብዙኃኑ ነው። ጠንከር ብሎ የሚናገረው ይወድቃል፣ አንገቱን የሚደፋው ያልፋል። አምቤድካር ራሳቸው ይህን ቅሬታ ለብዙ ዓመታት ሲያነሱ ኖረዋል።

1949

በ1945 መጨረሻ በተደረገው የማዕከላዊ ምክር ቤት ምርጫ ሊጉ የሙስሊሙን 30 ወንበር ጠቅልሎ ወሰደ። ቀጥሎ የመጣውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ነሐሴ 1947፣ መከፈል፣ ስደት፣ ደም። ስለ እርሱ ለብቻው መጻፍ ይሻላል።

እኛን የሚመለከተን ከመከፈሉ በኋላ ህንድ ውስጥ የቀሩት ሙስሊሞች ናቸው። ሕገ መንግሥት አርቃቂው ጉባኤ ደልሂ ተቀምጦ ነበር። በነሐሴ 1947 መጨረሻ፣ ስደተኛ የጫኑ ባቡሮች በደም ተጨማልቀው በሚገቡበት ሰሞን፣ የተለየው መዝገብ እንዲሻር ተወሰነ። ከደቡብ የመጡ ሙስሊም አባላት እንዲቀጥል ቢጠይቁም የሰማቸው የለም። በምትኩ ለሙስሊሙ የተያዘ ወንበር በጋራ መዝገብ ይሁን ተባለ። ይህ ከላይ ሦስተኛው ያልነው ሕግ ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በግንቦት 1949፣ እርሱም ተነሣ። የተያዘ ወንበር ለተገፉት ዝቅተኛ መደቦችና ለጎሣ ሕዝቦች ብቻ ቀረ።

የዚያን ቀን ክርክር ያነበበ ሰው ሙስሊሞቹ ራሳቸው ለሁለት ተከፍለው ያገኛቸዋል። በአርቃቂው ጉባኤ የነበሩት ብቸኛዋ ሙስሊም ሴት በገም አይዛዝ ረሱል የተያዘ ወንበር ይቅር አሉ፤ አናሳውን ለዘላለም ከብዙኃኑ ነጥሎ ያስቀምጠዋል፣ የጥርጣሬውን ግንብ ያጸናዋል የሚል ነበር ምክንያታቸው። የማድራሱ ሙሐመድ ኢስማዒል ደግሞ እስከ መጨረሻው የተለየው መዝገብ ይመለስ አሉ። ከሃዲ የሚባል በመካከላቸው አልነበረም። ሁለቱም ስለ አንድ ሕዝብ ፈርተው፣ በተለያየ አቅጣጫ የፈሩ ሰዎች ናቸው። በሶሻል ሚዲያ እንዲህ ያለ ልዩነት ሲነሣ ስድብ የሚቀድመን ወጣቶች ይህን ክርክር ብናነበው ጥሩ ነበር።

ድምፅ ሲበተን፣ ድምፅ ሲከማች

ከ1951–52 የመጀመሪያ ምርጫ ጀምሮ ህንድ የያዘችው የእንግሊዝን ሕግ ነው። አገሩ በምርጫ ክልል ይከፈላል፤ ከእያንዳንዱ ክልል አንድ ሰው ይመረጣል፤ ከተወዳዳሪዎቹ ሁሉ ብልጫ ያገኘ ያልፋል። ግማሹን መሙላት አይጠበቅበትም። እኛ አገር የአብላጫ ድምፅ ሥርዓት የምንለው ማለት ነው።

በሰሌዳችን ላይ እንዲህ ብለን ሣልነው። አምስት ሰፈር አለ፤ በየሰፈሩ 100 ሰው፣ ከመቶው 20 ሙስሊም። በድምሩ ከ500 ሰው 100ው ሙስሊም ነው፤ ከአምስት ወንበር አንዱ ይገባዋል። ሕዝቡ በየወገኑ ብቻ ቢመርጥ ግን ያገኘው ዜሮ ነው፤ በየትኛውም ሰፈር 20 ለ80 ነዋ። አሁን እነዚያኑ 100 ሰዎች ሰብስበን 60ውን አንድ ሰፈር ውስጥ እናድርጋቸው። አንድ ወንበር አገኙ። የሰው ቁጥር አልጨመረም፤ የተለወጠው አሰፋፈሩና የክልሉ መስመር ብቻ ነው።

ይህ ሥዕል የህንድን ካርታ ይገልጸዋል። ሰሜን ላይ ያለችው ኡታር ፕራዴሽ፣ የጥንቶቹ የተባበሩት ግዛቶች ናት፤ 80 የሎክ ሳባ ወንበር አላት። ሙስሊሙ ከሕዝቧ 19 በመቶ ያህል ነው፣ ግን በየአውራጃው ተበትኖ ይኖራል። በ2014 ምርጫ ከ80ው ወንበር ሙስሊም የያዘው አንድም አልነበረም። የደረሰበት ሙስሊሙ ብቻ አለመሆኑንም ልብ በሉ፦ የዝቅተኛ መደቦች ፓርቲ የሆነው ባሁጃን ሳማጅ በዚያ ግዛት ከአምስት መራጭ የአንዱን ያህል ድምፅ አግኝቶ ወንበሩ ዜሮ ነበር። ብሃራቲያ ጃናታ ፓርቲ ደግሞ በ42 በመቶ ገደማ ድምፅ 71 ወንበር ወሰደ። በመላ አገሪቱም 31 በመቶ ድምፅ ይዞ ከ543 ወንበር 282ቱን አገኘ። ሕጉ ሃይማኖት አይጠይቅም፤ የተበተነን ሁሉ ይቀጣል፣ የተከማቸን ሁሉ ይሸልማል።

ራምፑር የምትባለውን ክልል ለየት አድርገን እንያት። የአውራጃዋ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ሙስሊም ነው። በ2014 የብሃራቲያ ጃናታ እጩ ወደ 359 ሺህ ድምፅ አገኘ። በሦስት ተቃዋሚ ፓርቲዎች የቆሙት ሦስት እጩዎች ሦስቱም ሙስሊሞች ነበሩ፤ አንዱ 335 ሺህ፣ ሁለተኛው 156 ሺህ፣ ሦስተኛው 81 ሺህ ገደማ አገኙ። ደምሯቸው። በ23 ሺህ ልዩነት ወንበሩ ሄደ። «ፓርቲዎቹ ሙስሊም እጩ አያቀርቡም» ላለው ወንድማችን ራምፑር ሌላ መልስ አላት፤ እዚያ የቀረበው ከሚገባው በላይ ነው።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2024፣ ከእነዚያ ፓርቲዎች ሁለቱ ተስማምተው አንድ እጩ አቆሙ። ያሸነፈው ማን ይመስላችኋል? መውላና ሙሒቡላህ ነድዊ፤ ደልሂ ውስጥ በፓርላማ ጎዳና ላይ ያለው መስጂድ ኢማም! በ87 ሺህ ድምፅ ብልጫ። የመስጂድ ቤት ሰዎች ስለሆንን ይህን ዜና ስንሰማ ፈገግ ማለታችንን አንደብቅም። ጎረቤቱን ሶላት የሚያሰግዱበት ፓርላማ አባል ሆነው ገቡ።

ወደ ደቡብ ስንወርድ ነገሩ ሌላ ነው። ኬራላ ውስጥ ማላፑራም የምትባል አውራጃ አለች፤ ከሕዝቧ 70 በመቶ ገደማ ሙስሊም ነው። በ1949 ክርክሩን የተሸነፉት እነዚያው ሙሐመድ ኢስማዒል ከዚሁ አካባቢ፣ ማንጀሪ ከምትባል ክልል፣ ከ1962 ጀምሮ ሦስት ጊዜ ተመርጠው እስኪሞቱ ድረስ ፓርላማ ተቀምጠዋል። የሙስሊም ስም ያለው ፓርቲያቸው እስከ ዛሬ ከዚያ አካባቢ ወንበር ያጣበት ጊዜ እምብዛም ነው። የተለየ መዝገብ ሳይኖር ሕዝቡ አብሮ መኖሩ ብቻ መዝገብ ሆነለት።

የክልል መስመር የሚያሰምር ሰው እጅ ቀላል አይደለም። ሕገ መንግሥቱ ለዝቅተኛ መደቦች የያዘው ወንበር ዛሬ 84 ነው። በእነዚያ ክልሎች ሙስሊም ድምፅ ይሰጣል፣ እጩ መሆን ግን አይችልም፤ ሕጉ የዝቅተኛ መደብ አባል የሚላቸው ሂንዱ፣ ሲክና ቡዲስቶችን ብቻ ነውና። መንግሥት ያቋቋመው የሳቻር ኮሚቴ በ2006 ሪፖርቱ ሙስሊም የበዛባቸው አንዳንድ ክልሎች በዚህ መንገድ መያዛቸውን፣ የዝቅተኛ መደቡ ሕዝብ የበዛባቸው ሌሎች ግን ክፍት መተዋቸውን ጽፏል።

ቁጥሩን የጠየቁት ሰው

በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚሻለው የተለየ መዝገብም የተያዘ ወንበርም አይደለም፤ ተመጣጣኝ ውክልና ነው። ፓርቲው ባገኘው ድምፅ ልክ ወንበር ይወስዳል፤ መራጩን «ሃይማኖትህ ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ መዝጋቢ አያስፈልግም። ጉድለት አለው። የእጩ ዝርዝር የሚያወጣው የፓርቲ አለቃ ስለሆነ ተመራጩ ሰፈሩን ትቶ አለቃውን ሊያገለግል ይችላል። ብልሃቱ ግን በትንሽ ቁጥር ውስጥ ተደብቋል፦ ወንበር ለመካፈል የሚጠየቀው ዝቅተኛ የድምፅ መቶኛ።

ከህንድ ባሕር ማዶ ያለችው ስሪ ላንካ በ1978 ሕገ መንግሥቷ ተመጣጣኝ ውክልናን ስትይዝ፣ በአንድ አውራጃ 12.5 በመቶ ድምፅ ያላገኘ ፓርቲ ወንበር አይካፈልም ብላ ነበር። ሙስሊሙ ከአገሪቱ ሕዝብ ከአሥር አንድ አይሞላም፤ አብዛኛውም ተበትኖ ነው የሚኖረው። በ1988 የፕሬዚዳንት ምርጫ ሲቃረብ እጩው ፕሬማዳሳ የሙስሊም ድምፅ ፈለጉ። የስሪ ላንካ ሙስሊም ኮንግረስ መሪ የነበሩት ጠበቃው አሽረፍ ድጋፋቸውን ለመስጠት ያቀረቡት ጥያቄ 12.5ቱ ወደ 5 ዝቅ ይበል የሚል ነበር። ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ፤ 5 በመቶ ሆነ። በተከታዩ ዓመት ፓርቲያቸው አራት ወንበር ይዞ ፓርላማ ገባ። በ1994 ሰባት ሆነ። ያን ጊዜ ትልቁ ጥምረት ከ225 ወንበር 105 ብቻ ስለነበረው መንግሥት ለመመሥረት እነዚያ ሰባት አስፈለጉት፤ አሽረፍም የወደብ ሚኒስትር ሆኑ። ከጥቅሙ የተካፈሉት ሙስሊሞች ብቻ አልነበሩም፤ 5 በመቶው ለሁሉም ትንንሽ ፓርቲ ነው የተከፈተው። ሌክናው ላይ የተፈረመውን ከዚህ ጋር አስተያዩት። አንደኛው ለአንድ ወገን ኮታ ቆረጠ፤ ሌላኛው የሁሉንም በር ዝቅ አደረገ።

እኛስ?

ደርሱ ሲያልቅ ጥያቄው ወደ አገር ቤት መምጣቱ አልቀረም። የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ላይ ሕጉን አስቀምጦታል፦ በአንድ ምርጫ ክልል ከሚወዳደሩት አብላጫ ድምፅ ያገኘው ያልፋል። ከ550 የማይበልጠው ወንበር ውስጥ ቢያንስ 20ው ለአናሳ ብሔረሰቦች የተተወ ነው። ለሃይማኖት የተያዘ የለም፤ እኛም ይኑር አንልም። የህንድን ሙስሊሞች ያህል ተበትነን የምንኖርባቸው ከተሞች ግን አሉ።

የአዲስ አበባን ብቻ እንይ። 23 ወንበር አላት። በእኛ 1997 ምርጫ ቅንጅት 23ቱንም ወሰደ። በ2002 ደግሞ ኢሕአዴግ 22ቱን ወስዶ አንድ ብቻ ለተቃዋሚ ቀረ። ሁለቱም ምርጫዎች ብዙ ክርክር ያስነሡ ናቸው፣ ወደዚያ አንገባም። ሕጉን ብቻ ስናይ ግን በ1997 ኢሕአዴግን የመረጠ አዲስ አበቤ በፓርላማ አንድም ወንበር አልነበረውም፤ በ2002 ተቃዋሚን የመረጠው ሁሉ በአንድ ሰው ተወከለ። በአምስት ዓመት ውስጥ የአንድ ከተማ ሕዝብ እንዲህ አልተገለበጠም። ሚዛኑ ነው ከጫፍ ጫፍ የሚዘልለው።

አንዱ ልጅ «ኡስታዝ፣ እኛ እኮ ፓርላማ አናስመርጥም፤ ይህ ሁሉ ምን ያደርግልናል?» አለ። የምናውቀውን አንድ መስጂድ ነገርነው። የሰባት ሰው ኮሚቴ ሲመረጥ እያንዳንዱ ሰጋጅ ሰባት ስም ይጽፍ ነበር። ከግማሽ ጥቂት የበለጡት በአንድ ዝርዝር ተስማምተው ስለመጡ ሰባቱንም ወሰዱ። ማንም አላጭበረበረም፤ ሁሉም በፊታችን ተቆጠረ። የቀሩት ግን ወርሃዊ መዋጮ ማምጣት አቆሙ፤ የውዱእ ቧንቧው ሳይጠገን ከረመ፤ ሁለት ወንድማማቾች በተለያየ ሶፍ መቆም ጀመሩ። በሁለተኛው ምርጫ አንድ አዛውንት «ሰባት ሰው እንምረጥ፤ ግን ሁላችንም ሦስት ሦስት ስም ብቻ እንጻፍ» አሉ። ውጤቱ አራት ለሦስት ወጣ። ስብሰባቸው በጣም ይረዝማል፣ አንዳንዴ መግሪብ ይደርስባቸዋል። ቧንቧው ግን ተሠርቷል።

ልጆቹ ይህን ሲሰሙ የሞሪሺየስን ነገር አነሡ። እዚያ ሦስት ጊዜ፣ በ1982፣ በ1995 እና በ2024፣ አንድ ወገን የደሴቲቱን 60 ወንበሮች በሙሉ የወሰደበትና ከተሸናፊዎች መርጦ ወንበር የሚጨምር የተለየ ሕግ ያለበት አገር ነው። እርሱን ኢንሻአላህ በሚቀጥለው ጽሑፋችን እንመለስበታለን።

ወላሁ አዕለም።